ወደ ሳዑዲ ለቤት ሥራ የምትሄድ እህት ምን ትጠብቅ? ከቤተሰቧስ ምን ይጠበቃል?



በወሎ፣ በጅማ፣ በአርሲና በስልጤ ብዙ ቀበሌዎች ልጇን፣ እህቷን ወይም የጎረቤቷን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘች እናት ማግኘት ይከብዳል። ስለ ጉዞው የሚወራው ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንደኛው አዲስ ቆርቆሮ ስለለበሰው ቤትና ስለተገዛው ባጃጅ ነው። ሁለተኛው በሳጥን ተጭኖ ስለመጣው አስከሬን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ኑሮ፣ ማለትም የብዙዎቹ እህቶቻችን ሁለት ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ፣ ብዙም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው እሱን ነው፤ ከመሄድ በፊት ምን መጠናቀቅ እንዳለበት፣ እዚያ ምን እንደሚጠብቅ፣ ቤተሰብም ምን ማዘጋጀት እንዳለበት። ሴት ልጅ ያለ መሕረም ስለመጓዟ ዑለማዎች የተናገሩት አለ፤ እሱን ከምታምኑት ዓሊም ጠይቁ። እኛ የምንጽፈው ለመሄድ ለወሰነችውና እሷን ለሚሸኛት ቤተሰብ ነው።

«ሙስሊሞች ናቸው፣ አይበድሉኝም»

ባስተማርንባቸው ዓመታት ይህን አባባል ከተማሪዎቻችንም ከወላጆቻቸውም ደጋግመን ሰምተነዋል። ኤጀንሲውን ሳይጠይቁ፣ ውሉን ሳያነቡ፣ «የሐረመይን አገር ነው» ብለው የሚፈርሙ ብዙዎች ናቸው። ሃይማኖታችን አንድ መሆኑ ኒዕማ ነው። ሶላትን ለማስረዳት መጨነቅ የለም፤ ስለ ምግቡ ሐላልነት መጠራጠር የለም። ነገር ግን የሃይማኖት አንድነት ውልን አይተካም። ሸሪዓውም ይተካል አላለንም።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የአል-በቀራህ 282ኛው ነው። ስለ ዕዳ የሚናገር ሲሆን ንግግሩም ለምእመናን ነው። አማኝ ከአማኝ ጋር ሲዋዋል እንዲጽፍና ምስክር እንዲያቆም ያዝዛል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ የቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ካገኘ በኋላ ደመወዙን የከለከለ ሰው ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ለሙስሊሞች የተነገረው ሙስሊም አሠሪም ሊበድል ስለሚችል ነው። ስለዚህ ውልን ማንበብ፣ ማስጻፍና ቅጂ መያዝ በተወኩል ላይ ያለ ጉድለት አይደለም። የተወኩል አካል ነው።

ሕጋዊው መንገድ የትኛው ነው?

በጥቅምት 2006 መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን አግዶ ነበር። በቀጣዩ ወር ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች በዘመቻ ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ የሠሩበትን ደመወዝ እንኳ ሳይቀበሉ ነው የመጡት። እገዳው የተነሳው በ2010 ሲሆን፣ ጉዳዩ ዛሬ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ይህንኑ ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ነው።

በሕጉ መሠረት የምትሄደው ልጅ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። የሙያ ሥልጠና ወስዳ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሁሉም ሲኦሲ የሚለውን ፈተና ታልፋለች። የጤና ምርመራ ታደርጋለች። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል የተላከላት የሥራ ውል ደግሞ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መጽደቅ አለበት። በሳዑዲ በኩል የቤት ሠራተኛ ቅጥር የሚያልፈው ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥርዓት ነው። ውሏ እዚያ ውስጥ ከሌለ ችግር ሲመጣ አቤት የምትልበት መዝገብ የላትም ማለት ነው።

ሁለት ነገሮችን ለይተን እንወቅ። በአውሮፕላን መሄድ ብቻውን ሕጋዊ አያደርግም። በጉብኝት ወይም በዑምራ ቪዛ ሄዳ ሥራ የምትጀምር እህት በአውሮፕላን ብትሄድም የቪዛው ጊዜ ሲያልቅ በባሕር ከገባው ጋር እኩል ናት። በአፋር አቋርጦ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚወስደው የደላላ መንገድ ደግሞ መስጠም፣ ታግቶ በቤተሰብ ላይ ገንዘብ መጠየቅና በድንበር ላይ በጥይት መመታት ያለበት መንገድ ነው። «እገሌ ደርሷል» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከደረሱት ብቻ መሆኑን አንርሳ።

ማን ምን ይከፍላል?

ብዙ ቤተሰብ የሚበደረውና በሬ የሚሸጠው በዚህ ጉዳይ ባለማወቅ ነው። በአዋጁ መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ አውሮፕላን፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ከሠራተኛዋ የሚጠበቀው የፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባትና የብቃት ምዘና ወጪ ነው። ከዚህ ውጭ «ለቪዛ»፣ «ለቲኬት»፣ «ለማፋጠን» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቀ የሚጠይቀው ሰው ደላላ ነው ወይም ሕግ እየጣሰ ነው። ለማንኛውም ክፍያ ደረሰኝ ይጠየቅ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ነገ ስልኩንም አያነሳም።

ዕድሜንና ስምን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በክፍላችን የነበሩ ልጆች ዕድሜ ጨምረው፣ አንዳንዴም የአባት ስም ለውጠው ፓስፖርት ሲያወጡ አይተናል። ለዕለቱ ቀላል ይመስላል። በኋላ ግን በፓስፖርቱ ስም የተላከ ገንዘብ በመታወቂያው ስም አይወጣም፤ የኢንሹራንስ ክፍያም ሆነ የውርስ ጉዳይ ሲመጣ «ይህች ልጅ ያቺው ናት» ብሎ ማስረዳት ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ደግሞ የሌላ ሰው ቤት ሙሉ ሸክም ተሸክማ ሌሊት የሚያለቅስ ሕጻን እንድታባብል መላክ የለባትም።

ውሉ ላይ ምን እንፈልግ?

ውሉ በምታውቀው ቋንቋ ይነበብላት። የአሠሪው ስምና ከተማ፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ የእረፍት ቀን፣ የውሉ ጊዜና የመመለሻ ቲኬት ጉዳይ በግልጽ መጻፋቸውን ታረጋግጥ። «ሥራው ሕጻን መያዝ ብቻ ነው» ተብሎ በአፍ የተነገረ ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ እዚያ ስትደርስም የለም።

ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ ያዋለችው የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍት እንዲኖር ይላል። አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት መያዝም አይፈቀድለትም። ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን የሕጉ ተቆጣጣሪ የሰው ቤት በር እያንኳኳ አይገባም። ፓስፖርቱ በአሠሪው እጅ የሚቆይባቸው፣ የእረፍት ቀን የሚባል ነገር የማይታወቅባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የምትሄድ እህት መብቷን አውቃ፣ ይህ እንደሚገጥማትም ገምታ ትሂድ።

የወር አቆጣጠሩንም ከወዲሁ ትወቅ። ውሎች የሚጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ኢቃማ በሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ግን የሂጅራ ቀን ሊጻፍ ይችላል። የሂጅራው ዓመት ከፈረንጆቹ 11 ቀን ገደማ ያጥራል። በእኛ አቆጣጠር ብቻ እያሰበች «ገና ጊዜ አለኝ» የምትል እህት ኢቃማዋ ሳታውቀው ሊቃጠል ይችላል። የሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው፤ አጠራሩ ብቻ በስድስት ይለያል። «ሰዓት 7» ሲሏት የእኛ አንድ ሰዓት ነው።

ቤቱና ቋንቋው

ቁርኣን ያኸተመች ልጅ ዓረብኛ አይቸግራትም ብለን እናስባለን። ፊደል ማንበቧ በእርግጥ ይጠቅማታል፤ የመድኃኒትና የሳሙና ጽሑፍ ታነባለች፣ ቁጥር ትለያለች። የቤቱ ንግግር ግን ሌላ ነው። በኪታብ «አሁን» ማለት «አልኣን» ነው፤ ሪያድ «አልሒን»፣ ጅዳ «ደሒን» ይሉታል። «እፈልጋለሁ» በኪታብ «ኡሪዱ» ሲሆን በቤት «አብጋ» ነው። «ተመልከቺ» ለማለት «ኡንዙሪ» ሳይሆን «ሹፊ» ይሏታል። ቃሉን ስላልሰማች ዝም ያለች ልጅ እንደ እምቢተኛ ትቆጠራለች፤ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሳል። ከዚያ የተመለሰች እህት ጋር ሁለት ሳምንት ቁጭ ብሎ የወጥ ቤት፣ የልብስና የጽዳት ቃላትን መለማመድ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

የጽዳት ኬሚካሎች ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚያ ክሎሮክስ የሚሉትን በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ፈሳሽ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። «ሁለቱን ብደባልቅ ቶሎ ይለቃል» የሚል ሐሳብ ፈጽሞ አይምጣ።

ሌላው የሚያደክመው የዘመድ ቤት ነው። ውሉ ለአንድ ቤት ቢሆንም የቤቱ እመቤት እናቷ ወይም እህቷ ጋር ወስዳ ልታሠራት ትችላለች። ይህ ከውሉ ውጭ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ በሶብር ይታለፋል፤ ልማድ ከሆነ ግን ለኤጀንሲው መነገር አለበት።

ዒባዳውስ?

«ዑምራ አደርጋለሁ፣ ሐጅም አላህ ካለ» ብላ በደስታ የምትሄድ እህት ብዙ ናት። አንዳንዶቹን አሠሪዎቻቸው ይወስዷቸዋል፤ ይህ የአላህ ስጦታ ነው። ብዙዎቹ ግን ሁለት ዓመት ኖረው ካዕባን በቴሌቪዥን ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ከሪያድ እስከ መካ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እሷም እንደፈለገች የምትወጣበት ቤት ውስጥ አይደለችም። ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ መሞከር ደግሞ የገንዘብ ቅጣትና ከአገር መባረር ያመጣል። ሐጅ ለቻለ ሰው ነው የተደነገገው፤ ያልቻለችበት ላይ አትጠየቅም።

ረመዷን እዚያ ከእኛ አገር ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ወር መሆኑንም ትወቅ። የኢፍጣር ማዕድ ሰፊ ነው፣ እንግዳ ይበዛል፣ ቤቱ እስከ ሱሑር አይተኛም። ተራዊሕን በጀመዓ ልትሰግድ ቀርቶ ለብቻዋም ጊዜ ልታጣ ትችላለች። አምስቱ ሶላት ግን መብቷ ናቸው፤ በትሕትና ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግልጽ ትናገር።

ሻንጣ ውስጥ የማይገቡ ነገሮች

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። በአንዳንድ አካባቢዎቻችን ለጥበቃ ተብሎ የሚታሰር ክታብ አለ። ሳዑዲ ውስጥ ሲሕር ከባድ ወንጀል ነው። ክታብ የተገኘባት ሠራተኛ «ቤተሰቡ ላይ ደገመችብን» ተብላ ልትከሰስ ትችላለች። ጥበቃዋ የጠዋትና የማታ ዚክሯና አየተል ኩርሲ ይሁን።

ጫት በሳዑዲ እንደ አደገኛ ዕፅ ነው የሚታየው። እዚህ በዱዓ ማኅበር ላይ የተለመደ መሆኑ እዚያ ኤርፖርት ላይ አይረዳትም። «ለእህቴ አድርሺልኝ» ተብሎ የተሰጠ፣ ተፈቶ ያልታየ ዕቃም አይወሰድ፤ ሰጪው ዘመድ ቢሆንም። በዕፅ ዝውውር መጠርጠር በሳዑዲ እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል ክስ ነው። የምትወስደው መድኃኒት ካለ የሐኪም ማዘዣው አብሮ ይያዝ።

ስልክም አደጋ አለው። የአሠሪዋን ልጆች፣ ቤት ወይም እንግዳ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ በሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያስከትላል። ለሳቅ የተለቀቀ የጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ የሁለት ዓመት ድካም ያበላሻል።

ችግር ሲመጣ

በከፊል ሥርዓት ሠራተኛዋ በአገሩ የምትኖረው በአንድ አሠሪ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳዑዲ ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ የፈቀደችበት ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ስለዚህ ከቤት የጠፋች እህትን አሠሪዋ «ሁሩብ» ብሎ ካስመዘገባት ሕገ ወጥ ትሆናለች። «ውጭ ሁለት እጥፍ ይከፈላል» ብሎ የሚጠራት ሰው ይህን አይነግራትም። ውጭ ስትሠራ ደመወዟን ቢክዷት የምትከስበት ውል የላትም፤ ስትታመምም ሐኪም ቤት ለመሄድ ትፈራለች።

ደመወዝ ሲዘገይ ወይም ሥራው ሲበዛ መጀመሪያ የሚነገረው ለኤጀንሲው ነው። አዋጁ ላኪውን ኤጀንሲ ስለ ሠራተኛዋ መብት ተጠያቂ ያደርገዋል። መልስ ከሌለ ሪያድ ያለው ኤምባሲያችን ወይም ጅዳ ያለው ቆንስላ አለ። እዚህ ያለ ቤተሰብም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በየአካባቢው ባለው የሥራና ክህሎት ቢሮ አቤት ማለት ይችላል። ደመወዝ በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ እንዲገባላት ትጠይቅ፤ እጅ በእጅ ከሆነም በየወሩ የተቀበለችውን ከነቀኑ ትጻፍ። ያልተጻፈ ሐቅ ለመጠየቅ ይከብዳል።

ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ምግብ መከልከል ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ነፍስን ማዳን ይቀድማል። ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲ መሄድ መጥፋት አይደለም። በመስኮት መውረድ ግን ብዙ እህቶቻችንን አካለ ስንኩል አድርጓል፤ በሩ እስኪከፈት ጠብቆ መውጣት ይሻላል። «ቤተሰቤ ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ደግሞ ብዙዎችን በዝምታ አቆይቷል። ቤተሰብ ከሽኝቱ በፊት «ባዶ እጅሽን ብትመጪም ቤትሽ ነው» ብሎ ይንገራት። ይህ ቃል ከሻንጣው ሁሉ ይበልጣል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ከመሄዷ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የኤጀንሲው ስምና አድራሻ፣ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ ከተማና ስልክ፣ የፓስፖርት ቁጥሯ፣ በኋላም የኢቃማ ቁጥሯ ይጻፍ። የውሉ ቅጂ ቤት ይቅር። እሷ ደግሞ ቢያንስ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ ስልኳን ሊወስዱባት ይችላሉ። አጠገቧ ሰው ቆሞ በነጻነት ማውራት ካልቻለች የምትጠቀምበት አንድ ቃል ተስማሙ። ለምሳሌ «ላሟ ወለደች ወይ?» ካለች ችግር ላይ ናት ማለት ይሁን።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በሐቅ እንነጋገር። በወር 1,000 ሪያል የተዋዋለች እህት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሪያል ሳታጠፋ ብትሠራ የምታገኘው 24,000 ሪያል ነው። ከዚህ ውስጥ የራሷ አስፈላጊ ወጪ አለ፤ የዘገየ ወር ሊኖር ይችላል። ይህ ገንዘብ የአባትን ዕዳ፣ የወንድምን ሠርግ፣ ቤትና ባጃጅ ሁሉ አይችልም። ቤተሰብ ከመሄዷ በፊት ተቀምጦ፣ እሷ ባለችበት፣ ምን ያህሉ ለቤት ምን ያህሉ ለእሷ እንደሚቀመጥ ይወስን። ከተቻለ ይጻፍ።

የሷ ድርሻ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ። ከወለድ መራቅ የምትፈልግ ከሆነ በብዙ ባንኮች የወለድ አልባ አገልግሎት አለ፤ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮችም ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። ውክልና ከሰጠች የተወሰነ ውክልና ይሁን። ቤት እንዲሠራ የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም ካርታ ከወጣበት፣ ተመልሳ በራሷ ላብ በተሠራ ቤት እንግዳ ትሆናለች። ይህን ያየ ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። የላከችው ገንዘብ ስጦታ ካልሆነ አማና ነው፤ የአማና ሒሳብ ደግሞ የቂያማ ቀን ይጠየቃል። ባዕድ አሠሪ ደመወዟን ሲከለክላት በደል ነው ብለን የምናለቅስ ከሆነ፣ ያንኑ ደመወዝ ወንድሟ ሲበላው «የቤተሰብ ነው» ልንል አይገባም።

ስትመለስም «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ከማለታችን በፊት «እንዴት ነበርሽ?» እንበላት። ሁለት ዓመት በሰው ቤት ዝም ብላ የኖረች ልጅ እንቅልፍ ሊያጣት፣ ሰው ልትሸሽ ትችላለች። ጊዜ ይሰጣት፤ ካስፈለገም ሐኪም ትይ።

ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ በር ግን ብዙ ነው። የምትሄደዋን አላህ በሰላም ያድርሳት፣ ሐቋን ያስከብርላት፣ በሰላምም ወደ ቤተሰቧ ይመልሳት። እዚህ ያለነውንም አማናዋን የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።